የቀኝ ጎማ የውስጥ ሸራ

ጅማ ውስጥ ስለ ፍሬን ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ገና አልተወለደም፤ ተወልዶ ከሆነም ጡት አልጣለም። ይህን ያልኩት ጊንጆ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት፣ አምስት ሾፌሮች ባሉበት ነው። የመኪናዬን ሕመም የምሰማው በጆሮዬ ሳይሆን በመቀመጫዬ ነው አልኳቸው። ፔዳሉን ስረግጥ የፍሬኑ ሸራ ስንት ወረቀት ያህል እንደቀረው በጫማዬ ሶል እቆጥረዋለሁ አልኳቸው። ሾፌሮቹ ሻያቸውን እየጠጡ ሰሙኝ። አንዱ ብቻ አፍንጫውን ወደ መንገዱ ቀስሮ፣ "እንግዲያ ያቺ የምትሸተው ያንተ አይደለችማ" አለ።

ዞር ብዬ ሳይ የቀኝ የፊት ጎማዬ ይጨሳል።

ብዙ አይደለም። አንድ ሰው ሲጋራውን ሳያጠፋ ጎማው ስር የጣለው ያህል ነው። እኔም ሳልደነግጥ፣ "አዲስ ሸራ ነው፤ እስኪለምድ ነው" አልኩ። ሸራው አዲስ መሆኑ እውነት ነበር። ችግሩ በአንድ የቡና ወቅት ውስጥ አራተኛው አዲስ መሆኑ ነው።

መኪናዋ ሚኒባስ ናት። ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም፤ እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቡና በጅማ ከመብቀሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብላ ነው የገባችው እላለሁ። ያገኘኋት ከሚስቴ አባት ነው። ሰውዬው ሰውን ጠዋት ከደዶ ወደ ጅማ አውርደው ከሰዓት በኋላ የሚመልሱ ሾፌር ነበሩ፤ ሐሙስ ሐሙስ ለጁምዓ ብለው ልብሳቸውንም መኪናዋንም ያጥባሉ። ሊሞቱ ሲሉ ቁልፉን ለኔ ሰጡ። የሰጡኝ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ነው፤ እኔ ግን ችሎታዬን አይተው ነው እያልኩ አወራለሁ። ከዚያ ወዲህ በቡና ወቅት ወንበሮቹን አውጥቼ የቡ ከሚባለው አካባቢ ገበሬዎች ቀይ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ አመላልሳለሁ። ወቅቱ ሲያልፍ ወንበሮቹን መልሼ ሰው እጭናለሁ። ጥር ሲመጣ እኔም እሷም አልቀን ነው የምንገናኘው። እኔ ወገቤን ይዤ እወርዳለሁ፣ እሷ ጎማዋን ይዛ ትቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ውስጥ ዲስክ የሚባል የብረት ሳህን አለ፤ ሁለት ሸራዎች አንዱ ከውጭ አንዱ ከውስጥ ሆነው ሳህኑን እንደ ሁለት መዳፍ ይጨብጡታል። መዳፎቹ እኩል ከሠሩ እኩል ያልቃሉ። የኔ የግራዎቹ መንታ ናቸው። የቀኙ የውጭ ሸራ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚያይ ይመስል እንደተገዛ አለ። የቀኙ የውስጥ ሸራ ብቻ በየሦስት ሳምንቱ ብረቱ ድረስ ይበላል፤ ከዚያ መጮህ ይጀምራል፤ ጩኸቱ አጋሮ ድረስ ይሰማል።

እኔ ምን አደረግኩ? መጀመሪያ ሸራ ቀየርኩ። ሁለተኛም ቀየርኩ። ሦስተኛ ላይ ብልሃት መጣልኝና ውስጠኛውን ወደ ውጭ፣ ውጨኛውን ወደ ውስጥ አዛወርኩ፤ እኩል ይለቁ ብዬ። ያኔ በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር። ፍሬን ስይዝ መሪው ወደ ግራ ስለሚሳብ ደግሞ ጥፋቱ የግራው ነው ብዬ የግራውን ጎማ ሁለቴ ፈትቼ ገጠምኩ፤ ምንም አላገኘሁም። ሻይ ቤት ያሉት ሾፌሮችም ዝም አላሉም። አንዱ ሸራው ፎርጅድ ነው አለ። ሌላው የጅማ መንገድ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል ነው አለ። ሦስተኛው ዓይን ነው አለ። የሦስተኛውን ለማመን ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ምክንያቱም ዓይን ከሆነ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችል ነበር፤ የአማቴ ነገር ባይመጣ።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ደዶ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል፤ ሰው በር ላይ ሲቆም ጥላ ያያሉ፣ ማን እንደሆነ በኮቴው ነው የሚለዩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ታከሚ ሲባሉ "አላህ የዘጋውን እኔ አልከፍትም" እያሉ እምቢ ብለው ነበር። ዘንድሮ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ለሚስቴ ስልክ ደውለው እሺ አሉ። ተራ ተያዘላቸው፤ ሰኞ ጠዋት ጅማ ሆስፒታል። ተራው ካለፈ ሌላ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም፤ ከዚያ ይልቅ የሚያስፈራው እሺታቸው ማለፉ ነው።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አላቸው፤ የሚወርዱት በኔ መኪና ነው። በሌላ መኪና አይሆንም። የማያይ ሰው ቁልቁለት ሲወርድ እያንዳንዱ መንገጫገጭ ገደል ይመስለዋል። እኔ ደግሞ አንዴ ከደዶ ሳወርዳቸው በጭናቸው ላይ ቅል ሙሉ ወተት ይዘው ነበር፤ ጅማ እስክንገባ ጠብታ አልፈሰሰም። ይህን ለመላው ደዶ ነግረዋል። "የኔ ልጅ ፍሬን ሲይዝ ሕፃን የሚያስተኛ ነው የሚመስለው" ይላሉ። እኔም ይህን ምስጋና እየሰማሁ፣ "እማማ፣ ወተቱ ቀርቶ ሻይ ቢሆን እንኳ አረፋው አይነካም" ብያቸው ነበር።

ሐሙስ ዕለት እኔና ሚስቴ የእናቷን ልብስና ወረቀት ለማዘጋጀት ደዶ ሄደን ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ መሐል አህያ ገባችብኝ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ወደ ግራ ተወረወረች። አህያዋን ሳትኳት፤ የሚስቴ ግንባር ግን ዳሽቦርዱን አገኘው። ወርዳ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ እንደ ልማዳችን በጄሪካን ውሃ አምጥቼ በጋለው ጎማ ላይ አፈሰስኩ። እንፋሎቱ የቤት ጣራ ያህል ወጣ።

"እማዬን በዚህ አታመጣትም" አለች፣ ግንባሯን እያሸች።

"እስከ እሁድ ይስተካከላል።"

"ማን ያስተካክለዋል?"

"እኔ።"

አላየችኝም። "አንተማ አራት ጊዜ አስተካክለኸዋል" አለች። "ሌላ መኪና ልኬ እምቢ ብትለኝ፣ እድሜ ልኳን ጨለማ ውስጥ የምትቀመጠው ባንተ ጉራ ነው።"

አንዳንድ ቃል ከዳሽቦርድ ይልቅ ያማል። ቀሪውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ፣ ባጃጅ እየቀደመን፣ ጅማ ገባን።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ጊንጆ መጨረሻ ላይ ወዳለው መካኒክ ወሰድኩ። እስከዚያ ቀን ወደሱ አለመሄዴ ሌላ ምክንያት የለውም፤ ሰፈራችን ስለሆነ ሰው ያየኛል ብዬ ነው። ሰውዬው ከደቡብ የመጣ ጴንጤ ነው፤ መኪና ስር ሆኖ መዝሙር ያንጎራጉራል፣ ሲያስብ ዝም ይላል። ስለዚህ ችግሩ ቀላል ይሁን ከባድ ከመዝሙሩ ይታወቃል። እሁድ ቸርች ስለሆነ አይሠራም። ያለኝ ቀን ያ ብቻ ነበር።

"ከዚህ በፊት ማነው የፈታው?" አለኝ።

"እኔ ራሴ።"

"እሺ" አለ። እንደዚያች እሺ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

"መሪው ወዴት ይስባል?"

"ወደ ግራ።"

"አንተስ ምን አደረግህ?"

"ግራውን ፈታሁ።"

"ለምን?"

"ወደ ግራ ስለሚስብ ነዋ።"

ጨርቁን ከትከሻው አውርዶ እጁን ጠረገ። "ወንድሜ፣ ሁለት በሬ ጠምደህ ግራው ቢቆም፣ ቀኙ ግን ባይቆም፣ ወዴት ትዞራለህ?"

"እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ በሬ ጠምጄ አላውቅም።"

"ወደ ግራ ነው የምትዞረው። ግራው ጤነኛ ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው። የማይዘው ቀኙ ነው።" ከዚያ ጎማውን ጎንበስ ብሎ አየ። "ከደዶ ስትወርድ ውሃ ታፈስበታለህ?"

"ሁሉም ያፈሳል።"

"ሁሉም ያፈሳል" አለ፤ "ዲስክ ግን እንደዚያ በአንዴ ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። ቆመህ ጠብቀው። ስትጠብቅ እግዚአብሔርንም ታመሰግናለህ።"

መኪናዋን በክሪክ አነሳና የግራውን ጎማ በእጁ አዞረው፤ ጎማው ለብቻው ስድስት ሰባት ጊዜ ዞረ። የቀኙን አዞረው፤ ግማሽ ዞሮ እንደ ታከተው ሰው ቆመ። አራቱንም ሸራዎች አውጥቶ ጋዜጣ ላይ በተራ ደረደራቸው። እኔ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። በአራት ወር ውስጥ ሸራ ደጋግሜ አውጥቼ አስገብቻለሁ፤ ጎን ለጎን ደርድሬ ግን አይቼ አላውቅም። የቀኙ የውስጥ ሸራ ማለቁ ብቻ አይደለም፣ አበላሉ ራሱ ጠማማ ነው። ከታች ወረቀት ሆኗል፣ ከላይ ትንሽ ሥጋ ቀርቶታል።

"ይህን አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ" አልኩ። አላየሁትም ነበር።

መዝሙሩ ቆመ። ከዚያ አንድ በአንድ ሄደ። ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ኋላ ገፋው፤ ያለ ጠብ ገባ። "ፒስተኑ አይደለም።" የፍሬን ዘይት የሚመጣበትን ቱቦ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው፣ ዘይቱንም አፍስሶ አየ። "ቱቦው አይደለም።" ሁለቱን ሸራዎች አቅፎ የሚይዘው ብረት ካሊፐር ይባላል፤ እንደ መሳቢያ ወዲህና ወዲያ እንዲል ፒን የሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ነው የተቀመጠው። እሱ ካልተንሸራተተ የውጭው ሸራ ሥራ ፈት ነው፤ ውስጠኛው ብቻውን ይታገላል። የላይኛውን ፒን በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገው፤ ወጣ። የታችኛውን ሳበው። አልወጣም። በቁልፍ ያዘው። አልወጣም። ዘይት ጠብ አደረገበት፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው፣ ጠበቀው፣ እንደገና ጠመዘዘው። እኔ በዚያ መሐል ሁለት ሻይ ጠጣሁ፣ ወገቤም ሁለት ጊዜ ቆለፈኝ።

ሚስቴ ምሳ በሰሃን ይዛ ስትመጣ ፒኑ ወጣ። ዙሪያውን ጥቁር ቡናማ ሙጫ ለብሷል። ከውሃና ከአቧራ የሚከላከለው የጎማ ሽፋን፣ ጎሚኒው፣ ተቀዷል። መካኒኩ ፒኑን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ለኔ አቀበለኝ።

"እስቲ ሽተተው።"

አሸተትኩት። ጎምዛዛ፣ ጣፋጭ፣ የተበላሸ ነገር ይሸታል። የቡ ካለው ማጠቢያ ጣቢያ በታች በኅዳር ወር ያለፈ ሰው ይህን ሽታ አይረሳም፤ የቡና ገለባ ሲብላላ የሚሸተው ነው።

"የእሸት ቡና ጭማቂ ነው" አለ መካኒኩ። "ስኳሩ እንደ ሙጫ ያዘው፣ ኮምጣጤው አዛገው። ግን ከፎቅ እስከ ምድር ቤት እንዴት ወረደ?" ብሎ ካቻቢቴ ይዞ መኪናዋ ስር ገባ።

ሚስቴ በጎን በር በኩል ቆማ ሰሃኑን ወለሉ ላይ ታስቀምጥ ነበር፤ የመጀመሪያው ወንበር እግር ስር። ድንገት የካቻቢቴው ጫፍ ከወለሉ ውስጥ ብቅ ብሎ ሰሃኑ አጠገብ ቆመ። ወደ ኋላ ዘለለች።

"ይህን ማነው የበሳው?" አለ መካኒኩ ከስር። "ልክ ካሊፐሩ አናት ላይ ነው የሚያንጠባጥበው።"

እኔ በመንገዱ የሚያልፉትን ባጃጆች ቆጠርኩ፤ ሦስት።

"የድሮው ባለቤት ይሆናላ" አልኩ። "ለውሃ መውረጃ።"

"የድሮው ባለቤት?" አለች ሚስቴ። "አባዬ?"

"ይሆናል ነው ያልኩት።"

"አባዬ እኮ እዚህ መኪና ላይ ስቲከር እንኳ አስለጥፎ አያውቅም።"

ሰሃኑን ከፍታ ሳትጋብዘን፣ ጎንበስ ብላ ቀዳዳዋን በጣቷ ዳሰሰቻት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። መካኒኩ ከስር ተንሸራቶ ወጥቶ አቧራውን አራገፈ።

"በትራፓኖ፣ በብረት መብሻ፣ ነው የተበሳው" አለኝ። "የሚስትህ አባት ካረፉ ስንት ዓመታቸው ነው?"

"ስድስት።"

"ጠርዙ ገና ብዙም አልዛገም።"

እኔ ጫማዬን ሳይ እሱ "እሺ" አለ። ሁለተኛዋ እሺ ከመጀመሪያዋ ባሰች። ከዚያ በኋላ ስለ ቀዳዳዋ አልተነፈሰም። ፒኖቹን አጥቦ አለሰለሳቸው፣ ጎሚኒዎቹን ቀየረ፣ ለፍሬን የሚሆነውን ግራሶ ቀባ፣ በአራቱም ቦታ አዲስ ሸራ ገጠመ። በመጨረሻ ቀዳዳዋን ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማና በአንድ የሚያብለጨልጭ ቡሎን ደፈናት። መዝሙሩም ተመለሰ።

ያን ምሽት ሚስቴ ሳሎን የተሰቀለውን የአባቷን ፎቶ በጨርቅ ስትወለውል አገኘኋት። "ምናልባት መጨረሻ አካባቢ ደክሞት ይሆናል" አለች፣ ለኔ ይሁን ለፎቶው አልገባኝም። "ሰው ሲደክመው ያላደረገውን ያደርጋል።" እውነቱ አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ራት ቀረበና በላሁ።

እሁድ ጠዋት አማቴን ከደዶ አወረድኳቸው። የመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው በመስኮቱ በኩል፣ ቅል ሙሉ ወተት በጭናቸው ይዘው ተቀመጡ። ሚስቴ አጠገባቸው። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀመርኩ። ሐሙስ አህያዋ የገባችበት ቦታ ስደርስ ምንም ሳይኖር ፍሬን ያዝኩ፤ ለመሞከር ነው። መኪናዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል፣ ቀጥ ብላ፣ ቀስ ብላ ቆመች።

"ኤዬ፣ ኢልመ ኮ" አሉ አማቴ ከኋላ፤ አዎ ልጄ ማለታቸው ነው። "ይቺ ናት የማውቃት።"

ከቁልቁለቱ ስር ሌሎቹ ሾፌሮች ውሃ ሲያፈሱ እኔ ሁለቱን ጎማዎች ቀረብ ብዬ በእጄ መዳፍ ዳሰስኩ። ሙቀታቸው እኩል ነው። ዕቃ እንዳይጠፋበት እንደሚቆጥር ነጋዴ ከአንዱ ወደ አንዱ ደጋግሜ ተመላለስኩ። ወተቱም አልፈሰሰም።

ሰኞ ታከሙ፤ ማክሰኞ ፋሻው ተነሣ። መጀመሪያ ያዩት የሚስቴን ፊት ነው። "ከስተሻል" አሏት። ቀጥለው እኔን አዩና ብዙ ቆዩ፤ "አንተ ደግሞ እንዲህ ሸምግለሃል?" አሉኝ። ነርሶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መስታወት ፊት ብዙ አልቆምም።

ረቡዕ ወደ ደዶ ልመልሳቸው ስነሣ እናትና ልጅ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አማቴ እንደ ሕፃን ሁሉን ያያሉ፤ መጋረጃውን፣ ጣራውን፣ የሟቹን ባላቸውን የድሮ ባርኔጣ ማንጠልጠያ። ከጊንጆ ሳንወጣ ወደ እግራቸው ስር ጎንበስ አሉ።

"ይህ የሚያበራው ምንድነው?"

"ቡሎን ነው፣ እማዬ" አለች ሚስቴ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ቀዳዳ ነበር፤ ተደፈነ። ፍሬኑን ያበላሸው እሱ ነው። አባዬ ነው መሰለኝ የበሳው።"

በመስታወቱ አየኋቸው። አማቴ ቀና አሉ።

"አባትሽ?" አሉ። "አባትሽማ መኪናዋን ሲያጥብ እንኳ በለስላሳ ጨርቅ ነበር። ይህን የበሳው እኮ ባልሽ ነው። አምና በቡና ወቅት፣ እኛ ግቢ፣ ከጎረቤት ያመጣውን መሣሪያ እያስጮኸ። እኔ ባላይም ጆሮ አለኝ። ምንድነው የምትሠራው ብዬ ስጠይቀው፣ 'እማማ፣ ከእንግዲህ ወለል ማጠብ ቀረ፤ ጭማቂው በራሱ ይወርዳል' አለኝ። ስቆ ስቆ ነበር።"

ሚስቴ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን ፈለገች። ቀስ ብዬ ፍሬን ያዝኩና መኪናዋን መንገድ ዳር አቆምኳት፤ ቀጥ ብላ ቆመች።

የበሳሁት እኔ ነኝ። ቡና ባራገፍኩ ቁጥር የሚያጣብቀውን ወለል ማጠብ ሰልችቶኝ ነው። ቀዳዳዋ ስትገኝ ደግሞ፣ ሚስቴ እያየችኝ፣ በአባቷ አላከክኩት።